በሕማማት የተደረገ የቀበሌ ስፖርት

ሴት ካረጠች በኋላ ስለ ሰውነቷ የማይመክራት የለም። ሐኪሙ፣ ጎረቤቱ፣ ጋዜጣው፣ ሁሉም ያውቅላታል። እኔም በባዕድ አገር ስኖር ስለ አጥንት፣ ስለ ወተት፣ ስለ እርምጃ ያላነበብኩት የለም። አገሬ ብዙ ያስቀየመችኝ ሴት ነኝ። አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያየሁትን ግን አልክድባትም።

በደርግ ጊዜ ነው። የቀበሌያችን የልብስ ስፌት ማህበር ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆኑ አባሎቹን በስፖርት ፈትኖ ደካማውን ሊያሰናብት ወሰነ። ተቀምጠው የሚሠሩትን ሥራ በሩጫና በዝላይ መፈተን የማን ብልሃት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እኔ ጸሐፊ ነበርኩ፣ ስም እጠራለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ሃምሳ አራት ደፍነዋል። ሙቀቱ ድንገት ሲነሳባቸው በነጠላቸው ጫፍ ያራግባሉ፤ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸው ይንቋቋል። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያቺ የስፌት መኪና ከሄደች ጉርሻቸውም አብራ ትሄዳለች።

ፈተናው ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ላይ ዋለ። ከበላይ የተላከችው አሰልጣኝ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ናት። መጀመሪያ ከወረቀት አነበበች።

«በእናንተ ዕድሜ አጥንት ይሳሳል። ወተትና እንቁላል አዘውትሩ።»

«ዛሬ?» አሉ እትዬ ዘነበች። «ይህን ሁሉ ጾመን ሦስት ቀን ሲቀረን? ተልባው፣ ሰሊጡ፣ ጎመኑ መች አነሰን ልጄ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ልጅቷ ፊሽካዋን ነፋች።

«ተንበርከኩ! ተነሱ! ሠላሳ ጊዜ!»

ስህተቷ ይኸው። በዚያ ሳምንት ለእነዚህ ሴቶች ተንበርክኮ መነሳት ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ነጠላቸውን አደግድገው እኩል ወረዱ፤ ግንባራቸው የቀበሌውን አፈር ነካ፤ ተነሱ፤ ደግመው ወረዱ። ከመካከላቸው «ኪራላይሶን» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከራሳቸው በላይ ቀይ መፈክር ተሰቅሏል።

አብራቸው ትሠራ የነበረችው አሰልጣኝ ሠላሳ ላይ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። ሴቶቹ አልቆሙም። ከሰኞ ጀምረው በየቀኑ ስንት መቶ እንደሰገዱ የት ታውቃለች? መቶ ሲሞላ እትዬ ዘነበች ቀጥ ብለው ቆመው «እንቀጥል ወይስ ይበቃሻል?» አሏት።

«ይህን ስፖርት የት ተማራችሁት?» አለች ልጅቷ።

የቀበሌው ሊቀመንበር በር ላይ ቆሞ ይሰማል። እትዬ ዘነበች የግንባራቸውን አፈር በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ልጅቷ ሴቶቹን አየች፣ ሊቀመንበሩን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ጻፊ። ሁሉም ብቁ ናቸው፤ በቀበሌው ጥረት።»

ሊቀመንበሩ አጨበጨበ። ለራሱ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ስቅለት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ከእትዬ ዘነበች ጎን አንዲት ልጅ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ትሰግዳለች። አሰልጣኟ ናት። ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ዘነበች ክንዷን ይዘው አነሷት።

«ቀስ በይ የኔ ልጅ፤ ገና ልጅ ነሽ። ስታርጪ ይቀልሻል።»