አቼቶው ሳይፈላ

እትዬ ሲዶራ በየቀኑ፣ ምሳ ሊደርስ ሲል፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው የሰው ድስት ክዳን ያነሳሉ። አያንኳኩም። ክዳኑን ከፍ፣ አፍንጫቸውን ዝቅ፣ ከዚያ ፍርድ። «ጨው» ይላሉ፤ ወይም «ምስኪን ዓሣ!» አሽትተው ክዳኑን ብቻ ከመለሱ ደግሞ ያች ባለ ድስት ቀኑን ሙሉ ወጧን ስትቀምስ ትውላለች።

የሰው ድስት የሚከፍት አንድ ሰው የሌለው ሰፈር በዓለም ላይ የለም። ለእኛ ለላጉና ሐይቅ ዳር ሰዎች የደረሱን ክብርት እትዬ ሲዶራ፣ የክዳኖች ሁሉ የበላይ ጠባቂ ናቸው።

ሕጋቸው አንድ ነው፤ «አቼቶውን አትንኪ!» አቼቶ የገባበት ድስት እስኪፈላ ድረስ ማንኪያ አይገባበትም፤ ከተማሰለ ጥሬ ጣዕሙ እዚያው ይቀራል። ይህን የማያውቅ ሰው መንደራችን ውስጥ የለም። እሳቸው ግን ማናችንንም አያምኑም። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ተንበርክከው ሳለ ከጀርባ ካለው ከቄሱ ወጥ ቤት የአቼቶ ሽታ ደረሳቸው። ተነሥተው ሄዱ፤ ማንኪያውን ከአብሳይዋ እጅ ቀምተው ተመለሱ። የቆረቡትም ማንኪያውን እንደያዙ ነው።

የእኔንና የወንድሜን የሮኬን ድስት፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ፣ በቀን ሁለቴ ነበር የሚከፍቱት።

ሮኬ ኒቤስን ወደደ። የኒቤስ አባት ጋሽ ካስያኖ ግን «አይሆንም» የምትለው ቃል ከአፋቸው የማትጠፋ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጠያቂዎችን መልሰዋል። እኛ ዘንድ የወንዱ ወገን ያበሰለውን ይዞ፣ የሴቷን ቤት ደረጃ ወጥቶ ነው ልጅ የሚጠይቀው። ምግቡ ካላማረ ነገሩም አያምርም።

«ምን ይዘን እንሂድ?» አለ ሮኬ።

«የዶሮ እግር» አሉ እትዬ ሲዶራ።

«እትዬ! ልጅ ልንጠይቅ እኮ ነው! ሌላው አሳማ ጠብሶ ሲሄድ፣ እኛ ሰካራሞች ከመጠጥ ጋር የሚቆረጥሙትን ይዘን እንሂድ?»

«አንተ ዝም በል! አሳማ የበላ ሰው አፉን ጠርጎ ይናገራል። እግር የያዘ ሰው መቼ ሊናገር? አጥንት እየመጠጠ!»

በዕለቱ ማለዳ ወጥ ቤታችንን ወረሩት። እግሩን በፈላ ውኃ ነክረን ቢጫውን ቆዳ ገፈፍን። «ጥፍሩን! ጥፍሩን ቁረጪ እንጂ! የሰው አባት ጉሮሮ ልትቧጭሪ ነው?» ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ጥቁሩ የአኩሪ አተር ስጎ፣ መጨረሻ ላይ አቼቶው ገባ። ከዚያ ቀስ ባለ እሳት፣ ቆዳው እስኪለሰልስና መረቁ እንደ ሙጫ እስኪያጣብቅ ድረስ ተንተከተከ።

የኒቤስን ቤት ደረጃ ወጣን። ጋሽ ካስያኖ ክዳኑ ሲነሣ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«እግር?» አሉ።

የሮኬ ፊት አመድ መሰለ። ኒቤስ ዓይኗን ጨፈነች።

«እግር» አሉ እትዬ ሲዶራ፣ ሙሉ አሳማ ያቀረቡ ያህል ቀና ብለው። «ጥርስ ካለዎት።»

ጋሽ ካስያኖ አንዱን በእጃቸው አነሡ። መጠጡት። ሁለተኛውን አነሡ። «እንግዲህ እኔ ልጄን...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ከንፈራቸው ተጣበቀ። ላሱትና «እኔ ልጄን...» አሉ፤ አሁንም ተጣበቀ። ሚስታቸው ሳቋን በመዳፏ አፈነች። የሰሃናቸው ጠርዝ በአጥንት ተከመረ፤ ሩዙም አለቀ፤ «አይሆንም» ግን መውጫ አጣች።

በመጨረሻ ጣታቸውን እየላሱ «አንድ ነገር እጠይቃለሁ» አሉ።

ሮኬ ወደፊት ጠጋ አለ።

«ሠርጉ ላይ የሚያበስለው ማን ነው?»

ኒቤስ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ተነሣች። እትዬ ሲዶራ ግን አልተነሡም፤ እንደ ዳኛ አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ስንመለስ ባዶውን ድስት ራሳቸው ተሸክመው፣ ክዳኑን እንደ ከበሮ እየመቱ በመንደሩ መሀል አለፉ። ለጠየቀም ላልጠየቀም «አቼቶው አልተነካማ!» ይሉ ነበር። እስከ ዛሬ ይላሉ። እኔም ድስት አጠገብ ስቆም እጄን ወደ ኋላ አጣምራለሁ።

ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው ስላቸው ደስ አላቸው። «ጻፊ፣ ምን ቸገረኝ። አፍንጫዬን ጻፊ፣ የቄሱን ማንኪያ ጻፊ፣ ውፍረቴንም ብትፈልጊ ጻፊ። ያቺን ነገር ብቻ ተያት፣ ልጄ።»

ያቺ ነገር ይህች ናት። በዚያ ማለዳ፣ አቼቶው ገና እንደገባ፣ ሮኬ ከአባታችን የቀረውን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ቆመና «እትዬ፣ እናቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር?» አለ። እትዬ ሲዶራ እንባቸውን እንዳናይ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ፤ እጃቸው የሚይዘው ነገር ፈለገ፤ ያገኘው ማንኪያ ነበር። አቼቶው አልፈላም። አማሰሉት።