የጥራጥሬ ሚኒስትሯ እትዬ

በየቤተሰቡ ሳይማር ሐኪም የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ቤት ሐኪም የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ክብርት የጥራጥሬ ሚኒስትር፣ እትዬ።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣን ሰው ወገብ ሲለኩ ሜትሩን ቶሎ አይለቁትም። «ይሄ ወገብ ምስር አያውቅም» ይላሉ። ሰውየው ሲወጣ ባቄላ እንዴት እንደሚዘፈዘፍ ጭምር ተምሮ ነው።

ሹፌሩ ባለቤቴ ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ የተገኘ ዕለትማ ሹመታቸው ጸደቀ። ሐኪሟ «ለሦስት ወር አመጋገብህን አስተካክል፤ ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን» አለችው። እትዬ እሷን ጠያይቀው መጡና ሰፈሩን ማስተማር ያዙ። «ጉበት ሐሞት የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ጥራጥሬ ሐሞቱን ይዞት ይወጣል። ጉበት ደግሞ ሌላ ለመሥራት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል። ገባችሁ?» ያልገባው ሰው ከበር አያልፍም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ድስት ምስር ቤታችን ይደርሳል።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ሥጋ ብቀምስ?» ይላል ባለቤቴ።

«ቅመስ። ጥቁር ልብሴን ልተኩስ?»

ነገር አለቀ።

ቀጠሮው ደርሶ ሦስታችን ሄደን ሲመረመር ግን ኮሌስትሮሉ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሟ ግራ ገብቷት «ምስሩ በምንድን ነው የሚሠራው?» አለች።

«በቅቤ ነዋ» አሉ እትዬ። «ደረቁን ማን ይበላዋል? አሳዘነኝ እኮ።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ምስሩ የሚያወርደውን ቅቤው መልሶ ከፍ እንደሚያደርገው ነገረቻቸውና ሌላ ቀጠሮ ሰጠችን። ስንመለስ እትዬ፣ ባለቤቴ ቀደም ሲልልን ጠብቀው «አባታችን በልብ ሕመም ሲሞት ልክ በሱ ዕድሜ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በግድ እቀበለው የነበረውን ድስት በር ላይ ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ። ምስሩም በጥቂት ዘይትና በብዙ ሽንኩርት ይመጣ ጀመር። ባለቤቴ አኩርፎም ቢሆን በላ።

በቀጣዩ ምርመራ ኮሌስትሮሉ ወረደ። ሐኪሟ «መድኃኒቱ ይቆይ፤ በዚሁ ቀጥል» ስትል እትዬ ይፎክራሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «እስቲ ድገሚልኝ ልጄ» ብቻ አሉ፤ ዐይናቸው እንባ ሞልቷል።

«እትዬ፣ እርስዎስ ተመርምረው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ሚኒስትሯ ቦርሳቸውን አነሱ። «እኔ ደግሞ ምን ሆንኩና?»

እኚህን ሴትዮ ገና ለብዙ ዓመት እፈልጋቸዋለሁ። ክንዳቸውን ይዤ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና አጠገባቸው ተቀምጬ ለደም ምርመራ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

«በይ እሺ» አሉ እያጉረመረሙ፣ «አንቺ ቅደሚ።»