ጋሽ ቆይ እና የጣሪያው ሰማይ

ዕቃ የሚያስመርጥ ዘመድ የሌለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ የፈለገውን ገዝቶ ቤቱ ይገባል። እኔ ግን አጎቴ ነበሩኝ። ክቡርነታቸው በሙያቸው ሰዓት ሠሪ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ አንድም ኮከብ ያላነሱ የኮከብ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ዘመድ አዝማዱ «ጋሽ ቆይ» ይላቸዋል።

ስለ ሌንስ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ብርሃን ካላስገባልሽ ጨለማ ነው የምታነሺው» ይሉኛል። የካሜራ ማቆሚያ ልገዛ ስነሣ፣ «ይሄ? ድመት ስታስነጥስ የሚንቀጠቀጥ! ቆይ፣ ጠንካራው ይምጣ!» ጠንካራው ሲመጣ ደግሞ ቀለል ያለው ይጠበቃል። እንዲህ ስንል ባዶ እጃችንን እንደሆንን ዓመታት አለፉ።

በመጨረሻ ግን እኛን የማይጠብቅ ነገር መጣ። አጎቴና ባለቤታቸው እትዬ፣ አዲስ ተጋቢ ሳሉ ጀምረው ከራት በኋላ ጣሪያቸው ላይ ወጥተው ሰማይ ያዩ ነበር። ከጎናቸው ፎቅ መሠራት ጀመረ፤ አንድ ደርብ በጨመረ ቁጥር ሰማያቸው ይጠባል። እትዬ ሳይሸፈን በፎቶ ሊያስቀሩት ፈለጉ።

«አንተ ሌንስ ስታማርጥ ሰማዩ አለቀ እኮ!» አሉ አንድ ምሽት። ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመውን የፊልም ካሜራ አወጡና ጣሪያ ላይ፣ የሩዝ ከረጢት ላይ አጋድመው ቁልፉን ተጫኑ። ኮከብ እንዲወጣ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ መቆየት አለበት። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ጋሽ ቆይ ግን አላስቻላቸውም። «ቆይ፣ በደንብ አነጣጥረሻል?» ብለው የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው ሌንሱ ፊት ድንቅር!

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ኮከቦቹ ቀጫጭን መስመር ሠርተዋል። መሃላቸው ወፍራም የባትሪ ብርሃን ጭረት ተጋድሟል፤ ከበላዩ የአጎቴ አፍንጫና መነጽር ደብዘዝ ብሎ ይታያል። «አላልኩም? ዕቃው ነው!» አሉ ሳያፍሩ። ለሁለተኛው ሙከራ ሌላ ካሜራ ሲያማርጡ ፎቁ ቀደመን።

አጎቴ ካረፉ በኋላ የራሴን ካሜራ ገዛሁ። ቆይ የሚለኝ አልነበረም። ዕቃ መግዛት እንዲህ ጭር ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሱቁ በር ላይ እንባዬ መጣ።

በቀደም እትዬን ላስደስት ብዬ ያቺን ፎቶ ስካን አድርጌ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩላቸው።

«ጭረቱን ላጥፋልዎት? ሰማዩ ጥርት ብሎ ይወጣል» አልኳቸው።

ጠጋ ብለው አዩት።

«ኮከቦቹን ከፈለግሽ አጥፊያቸው» አሉኝ። «እሱን ግን እንዳትነኪብኝ።»