ራሴን አዘና ረስቼ

ሰው የሚጠፋው ሲገባ አይደለም፤ ሲወጣ ነው! አትሳቁ... እስቲ ከግብዣ ሲወጣ የሰው ጃንጥላ ይዞ ያልሄደ ማን አለ? የኔ ግን ከዚህም ባሰ፤ ራሴን ረስቼ ወጣሁ።

ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። እንጅባራ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፍኩ በየወረዳው ያሉትን የቢሮ ማሽኖች አስተካክላለሁ። አዘና ከተማ ያለው ጋ ለመድረስ ታዲያ ቀጥታ መንገድ የለም። መጀመሪያ እንጅባራ ወዳለው ዋና ሰርቨር፣ ማሽኖቹን ወደሚያገናኘው ኮምፒውተር፣ እገባለሁ፤ ከሱ ውስጥ ግምጃ ቤት ከተማ ወዳለው፤ ከሱ ውስጥ ደግሞ አዘና ወዳለው። ሦስት በር! የምጽፈውን ትእዛዝ የሚሰማው ያለሁበት ማሽን ነው፤ ስመለስም በየበሩ "ውጣ" የሚል ትእዛዝ እየጻፍኩ ነው የምወጣው።

ሐሙስ ዕለት ግን ችኮላ ነበረብኝ። የእጮኛዬ አባት ጋሽ አያሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ዳንግላ ቤታቸው ምሳ ጠርተውኛል። "እስቲ አምጪውና ልየው" ብለዋታል። ዶሮ ታርዷል! የከሰዓት ፈቃድ ወስጄ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ የአዘናውን ሥራ ጨረስኩና ላፕቶፔን ለማጥፋት የመዝጊያ ትእዛዝ ጻፍኩ። እንደ ሰው በጣቴ ነክቼ ባጠፋው ምን ነበረበት? የለም፣ እኔ ባለሙያ ነኛ!

ላፕቶፔ አልጠፋም። ፍጥጥ ብሎ ያየኛል። ለካስ ከአንዱም በር አልወጣሁም! ጣቴ አዘና፣ ልቤ ዳንግላ... ያጠፋሁት የአዘናውን ማሽን ነው። የጠፋ ማሽን ደግሞ ትእዛዝ አይሰማም፤ እዚያው ያለ ሰው በእጁ ካላበራው በቀር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኼ ነው።

የአዘናው ቢሮ ሠራተኞች ለምሳ ወጥተዋል፤ ቁልፉ ያለው ዘበኛው ጋሽ ፈንቴ ዘንድ ነው። ስልክ የላቸውም። ግምጃ ቤት የምትሠራው ባልደረባዬ የሽወርቅ ጋ ደወልኩ፤ እሷ ከቢሮው ፊት ለፊት ላለው ባለሱቅ ደወለች፤ ባለሱቁ ሮጦ ለጋሽ ፈንቴ በአዊኛ ነገራቸው። አያችሁ? አሁንም ሦስት በር!

መልእክቴ አጭር ነበር። "ማብሪያውን ይጫኑና ወዲያው ይልቀቁ።"

ጠበቅኩ። ማሽኑ አልበራም። አንድ ሰዓት ሙሉ! የሽወርቅን ብጠይቃት "ተጭነውታል አሉ" ትላለች። ምርጫ የለኝም፤ ባለጉዳይ ደጅ ተሰልፏል፣ አለቃዬ ይደውላል... በተተኮሰ ሸሚዜ ወደ ዳንግላ ሳይሆን በተቃራኒው ወደ አዘና በሚኒባስ ነጎድኩ።

ስደርስ ጋሽ ፈንቴ ማሽኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አውራ ጣታቸውን ማብሪያው ላይ ተክለዋል። በሌላው እጃቸው ባለሱቁ ሻይ አስይዟቸዋል።

"ጋሼ፣ አልለቀቁትም እንዴ?"

"ማን ልቀቅ አለኝ?"

ወደ ባለሱቁ ዞርኩ። "የሽወርቅ ይልቀቁ አላለችህም?"

"ብላኛለች" አለ፣ ፍርጥም ብሎ። "ታዲያ ታላቄን ይጫኑ ብዬ ሳልጨርስ ይልቀቁ ልበላቸው? በሽማግሌ ይቀለዳል?"

ለረጅም ጊዜ ተጭነው ሲይዙት ደግሞ ያ ማሽን በርቶ ተመልሶ ይጠፋል! ጋሽ ፈንቴን አስለቅቄ አንዴ ነካ ባደርገው ቦግ አለ።

"ይኼን ለማድረግ ነው ከእንጅባራ የመጣኸው?" አሉኝ ጣታቸውን እያሹ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ጋሽ አያሌው!

"የት ነህ አንተ? ዶሮው ቀዘቀዘ እኮ!"

"አዘና ነኝ ጋሼ..."

"ዳንግላ ተጠርተህ አዘና?"

ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ሦስቱን በር፣ መውጣት መርሳቴን፣ የጋሽ ፈንቴን ጣት። በቃ፣ አለቀልኝ፣ ትዳሬም እንደ ማሽኑ ሳይበራ ጠፋ አልኩ።

"ቆይ እስቲ፣ አንዴ ከገባህ መውጣት አታውቅም ማለት ነው?"

"አዎ ጋሼ... ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ምን ይቅርታ አለው? እኔ የምፈልገው እንዲህ ገብቶ የማይወጣ አማች ነው! ቶሎ ና፣ ዶሮው ይሞቃል።"