ሰባት ቤት የተቆጠረለት ቡና

ሰው ያላየውን ሰው መውቀስ ደስ ይለዋል። አያችሁ፣ ያላያችሁት ሰው መልስ አይሰጥም፣ አይቀየምም፣ ገበያ መሀል አግኝቶም «ምን አድርጌህ ነው ያማኸኝ?» አይላችሁም። እኛ መንዞች ደግሞ ቡና አይበቅልልንም። ብርዱ እንኳን ለቡና ለእኛም አልተመቸም። ስለዚህ ቡና በተወደደ ቁጥር የምንወቅሰው ሰው ቸግሮን አያውቅም። ያላየነውን ባለ ቡና እንወቅሳለን።

ይህን የማውቀው በጆሮዬ ሰምቼ ነው። አንደኛ ደረጃን እንደምንም ጨርሼ መሐል ሜዳ መናኸሪያው አጠገብ ቡና በስኒ መሸጥ ጀመርኩ። ዓይን አፋር ነኝ፤ ከደንበኛ ጋር ስለማላወራ ብዙ እሰማለሁ። ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ በግ ሸጦ የሚመለሰውም የመጀመሪያዋን ፉት እንዳለ የሚናገረው አንድ ነው፤ «እነዚህ ቡና አብቃዮች እኮ ጨረሱን!» እኔ ዝም ብዬ ለሚቀጥለው እቀዳለሁ።

ከሁሉ የባሰው ግን የገዛ አባቴ ነው። አባዬ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል። እሱ የሸለተውን የበግ ጸጉር እማዬ ትፈትለዋለች፣ ሸማኔ ባና የምንለውን ወፍራም የብርድ ልብስ አድርጎ ይሠራዋል፣ ባናው ገበያ ይወጣል፣ በባናው ቡና ይገዛል። እናም በአባዬ ሐሳብ ውስጥ የሚኖር አንድ ባለ ቡና አለ። ወፍራም ነው። ሆዱ ቀድሞት በር ይገባል። የወርቅ ጥርስ አለው። ሥራው ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሞ ጠዋት ጠዋት ዋጋ መጨመር ነው። አባዬ ከዚህ ሰው ጋር ለብዙ ዓመት ተጣልቶ ኖሯል። ሰውየው ግን አልሰማም።

እንግዲህ እህቴ ጥሩወርቅ የወደደችው የባለ ቡና ልጅ ነው።

ልጁ ታደለ ይባላል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ከከፋ ወደ እኛ ወረዳ ተመደበ። በጎቻችንን ሊከትብ መጥቶ ጥሩወርቅን አየ። ከዚያ ወዲህ የእኛን በጎች ያህል በሐኪም የተጎበኘ በግ በመንዝ ምድር የለም፤ ሳያማቸው ሁሉ «እንዴት አደሩ?» ይላል። አባዬም ይወደው ነበር፤ አባቱ ቡና አብቃይ መሆናቸውን እስኪሰማ ድረስ።

«ልጄን ለባለ ቡና?» አለ። «እስከ ዛሬ ጥሪቴን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ልጄን ይጨምር? ደግሞስ በሰርጉ ቀን ያን ሁሉ ሀብቱን ተሸክሞ መጥቶ ጎረቤት ፊት ሊያሳንሰኝ? አይሆንም!»

ጥሩወርቅ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ጀሪካኑን ግን ቤት ትታው ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ የእውነት መሆኑ ገባኝ። እማዬም ገባት፤ «ሽማግሌ ሲመጣ በር አይዘጋም። ይምጡና በዓይንህ አይተህ እንቢ በል» አለችው።

መጡ። የታደለ አባት አቶ አሰፋ ከከፋ ድረስ ተጉዘው፣ ሁለት የመሐል ሜዳ ሽማግሌዎች አስከትለው በራችን ላይ ቆሙ። አባዬ ሆዳቸውን በዓይኑ ፈለገ። የለም። ቀጭን፣ ጉንጫቸው የገባ ሰው ናቸው። በብርዱ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፤ ሲንገጫገጭ ስለሚታይም ወርቅ አለመኖሩ ወዲያው ተረጋገጠ። ላያቸው ላይ አዲስ ነገር ቢኖር የደረቡት ባና ብቻ ነው።

የሽማግሌን ወግ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ይባላል እንጂ ወደ ጉዳዩ ዘው ተብሎ አይገባም። አቶ አሰፋ ግን ብርዱ ወጉን አስረስቷቸው ነው መሰለኝ፣ ገና እንደተቀመጡ፣

«ጌታዬ፣ እውነቱን ልናገር፤ ልጄ ከመንዝ ላግባ ሲለኝ ፈርቼ ነበር» አሉ።

«ለምን?» አለ አባዬ።

«ሀብታሞች ናችኋ! ብርድ አለ ብለውኝ ይህን ባና አዲስ አበባ ገዛሁት። ዋጋውን ሲነግሩኝ ‹በጎቹንም አብራችሁ ነው የምትሸጡልኝ?› አልኳቸው። ይህን የሚሠራ ሰው ፎቅ ቤት ሳይኖረው አይቀርም ብዬ ነው የመጣሁ።»

አባዬ ባናውን ዳሰሰው። ገለበጠው። እማዬም ከወዲያ አንገቷን አሰገገች። የእኛ ቤት ይሁን የሌላ እንጃ፣ የመንዝ እጅ መሆኑ ግን አያጠራጥርም።

«ይህን?» አለ አባዬ። «እኔ ይህን የመሰለ ሞላሌ ገበያ ሸጬ ለገና የገዛሁበት ቡና ለጥምቀት አልደረሰም።»

አሁን ደግሞ የደነገጡት አቶ አሰፋ ሆኑ። «ለዚያች ቡና ሙሉ ባና ሸጠው? እኔ ያችን ያህል ቡና ስሸጥ እንኳን ባና የባና ዘርፍ አልገዛም። ኧረ እኛ ፍሬውን ሸጠን ቤታችን የምንጠጣው ገለባውን ነው!»

«ገለባ?» እኛ ዘንድ ገለባ የከብት ነው። «ሰው ገለባ ይጠጣል?»

«ይጠጣል እንጂ። ሲፈላ ደግሞ ይጣፍጣል።»

ያ የአባዬ ወፍራም ሰውዬ ቀስ ብሎ ከቤታችን ሲወጣ በዓይኔ ያየሁት መሰለኝ።

ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ? የባናው ገንዘብ አቶ አሰፋ ዘንድ የለም፣ ከፍለውታል። አባዬ ዘንድም የለም፣ አልደረሰውም። የቡናውም እንደዚያው። እኔ ሳስበው፣ የባናው ገንዘብ ወደ መንዝ ሲመጣ፣ የቡናው ገንዘብ ወደ ከፋ ሲወርድ፣ መንገድ ላይ ተገናኝተው ተዋደዱና ኮበለሉ።

«በሉ እንግዲህ ወደ ዘር ቆጠራው» አሉ ከአባዬ ጎን የተቀመጡት የነፍስ አባታችን አባ ተክሌ። ተጋቢዎቹ በሥጋ እንዳይዛመዱ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሰባት ካልሞላ ጋብቻ የለም። በዚህ እኛ አገር አይቀለድም። ግን የከፋና የመንዝ ሰው ዘሩ የት ይገናኛል? አባ ተክሌ ጢማቸውን አሹ። «በሥጋማ ምኑን እቆጥራለሁ? ሰውየው ሰባት መኪና ቀያይረው ነው የደረሱ። የሚያዛምዳችሁ ቡናው ነው። እሱኑ ልቁጠረዋ!»

ጣታቸውን ዘረጉ። «ከእርስዎ ማን ይቀበላል?»

«ሰብሳቢው።»

«አንድ። ከእሱስ?»

«መፈልፈያ ያለው ሰው፤ ከእሱ ደግሞ አዲስ አበባ የሚያደርሰው አቅራቢ።»

ከዚያ ወዲያ አቶ አሰፋ አያውቁም፤ ቡናቸውን ከዚያ አልፈው ሸኝተውት አያውቁም። የመሐል ሜዳ ሽማግሌዎች ተቀበሏቸው፤ የአዲስ አበባው ነጋዴ፣ የደብረ ብርሃኑ አከፋፋይ፣ የመሐል ሜዳው ባለ ሱቅ።

«ሁሉም ቆንጠር እያደረገ!» አለ አባዬ።

«ሁሉም ልጅ አለው፣ ኪራይ አለበት» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ሱቅ አላቸው።

«ስድስት» አሉ አባ ተክሌ የሁለተኛ እጃቸውን አውራ ጣት ይዘው። የሚጨምር ጠፋ። «ስድስት ብቻ? እንግዲያማ ሰባት አልሞላም። ዘመድ ናችሁ። አልፈቅድም!»

ቀልድ ይሁን የምር ፊታቸው አይናገርም። ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ኋላ አጠገቤ የቆመችው ጥሩወርቅ ክንዴን ጨመደደችው፤ ጥፍሯ ገባ። እኔ እንኳን ሽማግሌ ፊት፣ ደንበኛ ፊትም ድምፄ አይወጣም። ግን ያማል!

«እኔ አለሁ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ማነሽ አንቺ?» አሉ አባ ተክሌ።

መጋረጃውን ይዤ ፊቴን ሳላወጣ፣ «ከባለ ሱቁ የምገዛው እኔ ነኝ፤ በስኒ እሸጠዋለሁ... እኔም ትንሽ ቆንጠር አደርጋለሁ» አልኩ።

«ሰባት!» አሉ አባ ተክሌ፤ ሳቅ ቤቱን ሞላው። አባዬ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ቡና ያስወደደብኝን ሰው ከፋ ድረስ ስፈልግ ጓዳዬ ነበረች?» አለ። ከዚያ ወደ አቶ አሰፋ ዞረ። «እንግዲህ ሰባት ቤት ከሞላ ምን እላለሁ። ልጄ ልጅዎ ናት።»

እማዬ እልል አለች። ጥሩወርቅ ክንዴን ለቅቃ አንገቴን አነቀችኝ። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።

በመጨረሻ ቡና ቀረበ። አቶ አሰፋ ፉት አሉ። ደግመው ፉት አሉ። እማዬ ፊቷ ጠቆረ። ምክንያቱም ቡና ሲወደድ እኛ ቤት ገብስ ተቆልቶ አብሮ ይወቀጣል፤ ያን ቀን ደግሞ ለእንግዶቹ ክብር በርከት ይበል ተብሎ የበረከተው ገብሱ ነበር።

«ዕድሜ ልኬን ቡና ስለቅም ኖሬ እንዲህ ያለ ቀምሼ አላውቅም» አሉ አቶ አሰፋ። «የየት አገር ቡና ነው?»

እማዬ መሬት መሬት አየች። አባዬ ግን ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «ግማሹ የእርስዎ፣ ግማሹ የእኔ» አለ።

አያችሁ፣ እኛ ስንፈራ፣ ስንቆጥር፣ ስንለማመን የዋልንበትን ጋብቻ እማዬ ከማለዳው ሙቀጫ ውስጥ ጨርሳው ነበር። ያውም ያለ ሽማግሌ።