የሊቁ ሹመት

[የአንድ ሶፍትዌር ድርጅት አራተኛ ፎቅ፣ የሻይ ማሽኑ የቆመበት ጥግ። ሁለቱም ስደተኞች፣ ሁለቱም ፕሮግራመሮች ናቸው። ሊቁ እዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ ቢኖርም አያምንላችሁም። ፈዜ የመጣው በቅርቡ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣለትም ሊቁ ነው። ዛሬ ከሰዓት የአዲሱ ቡድን መሪ ሹመት ይነገራል። ሊቁ ለእንዲህ ያለ ቀን የሚያስቀምጣትን ክራቫት አስሯል። እስካሁን ሦስት ጊዜ ታስራ ሦስቴም ወደ መሳቢያዋ ተመልሳለች።]

ሊቁ፦ በጥርስህ አይደለም አልኩህ እኮ! በዓይንህ ፈገግ በል!

ፈዜ፦ በዓይን እንዴት ፈገግ ይባላል፣ ጋሼ?

ሊቁ፦ እንዲህ! [ያሳየዋል።]

ፈዜ፦ ሽንኩርት የከተፍክ ነው የምትመስለው።

ሊቁ፦ ጥርስህን ካሳየህ የምትለምናቸው ይመስላቸዋል፤ ከከደንከው ደግሞ የተቆጣህ። መሀሉን ለማግኘት ስንት ዓመት ፈጀብኝ መሰለህ!

ፈዜ፦ ያ ሳቂታው ባልደረባችን ግን እስከ መንጋጋው ነው የሚስቀው።

ሊቁ፦ ሳቂታው የአገሩ ልጅ ነዋ! በገዛ ቤቱ ቢያገሳስ ማን ይናገረዋል?

ፈዜ፦ እሺ፣ እኔ ስናገር ለምን አይሰሙኝም? ስብሰባ ላይ «ሲስተሙ የሚወድቀው ሰው ሁሉ ባንዴ ስለሚገባበት ነው፣ ወረፋ እናስይዘው» አልኩ። ሁሉም ስልኩን መነካካት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ሳቂታው «ወረፋ ብናስይዘውስ?» ሲል፣ አለቃችን ተነስታ ልታቅፈው ምንም አልቀራት!

ሊቁ፦ አነጋገርህ ነው። ቃሉን ታኝከዋለህ።

ፈዜ፦ እሱም ያንኑ ቃል ነው ያለው።

ሊቁ፦ እሱ አጣጥሞ ነው! ብቻ አድልዎ ምናምን እንዳትለኝ። እዚህ ቤት አድልዎ የለም። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም።

ፈዜ፦ ሹመቱስ?

ሊቁ፦ እስካሁን የተሾሙትን ሦስቱንም ሥራ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በየጊዜው ጠርተው «ሥራህ እንከን አይወጣለትም፤ ግን ቡድኑ ገና አልለመደህም» ይሉኛል። ትሕትናቸውን አየህ?

ፈዜ፦ በአሥራ አንድ ዓመት ያልተለመደ ሰው...

ሊቁ፦ [ያቋርጠዋል።] የእኔን ተወው። አንተ ምን ዘዴ አበጀህ?

ፈዜ፦ መናገር ትቻለሁ። ጠዋት ጠዋት እዚሁ ሻይ ስንቀዳ ያሰብኩትን ለሳቂታው አጫውተዋለሁ። ስብሰባ ላይ እሱ ይለዋል፣ ሁሉም ይስማማል፣ ሥራዬ ይሄድልኛል።

ሊቁ፦ [ሳቁ ከሻዩ ጋር ትን ይለዋል።] ወይኔ ወንድሜ! ጭንቅላትህን በነጻ ታድላለህ? ፈዜ ያልኩህ እኮ ወድጄ አይደለም!

ፈዜ፦ ይሁን። አንተ ግን ዛሬ ፊትህ በርቷል፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ [ግራ ቀኙን አይቶ] ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ጠዋት ሊፍት ውስጥ አለቃችን እጄን ጨብጣ «እንኳን ደስ አለህ» አለችኝ! ወዲያው ለባለቤቴ ደወልኩላት። «ዘንድሮም ሹመቱ ካለፈህ ልጆቼን ይዤ ከዚህ አገር እሄዳለሁ» ብላኝ ነበር። በስልክ አለቀሰች።

ፈዜ፦ [ሻዩን መጠጣት ያቆማል።] አለቃችን ሌላ ምን አለችህ?

ሊቁ፦ «መጥተህ ዓመት ሳይሞላህ እዚህ መድረስህ ይገርማል» አለች።

ፈዜ፦ ዓመት ሳይሞላህ?

ሊቁ፦ አላረጀህም ማለቷ ነዋ! እነሱ ሽበትን የሚያሞግሱት እንዲህ አዙረው ነው።

ፈዜ፦ ማን ብላ ጠራችህ?

ሊቁ፦ ባንተ ስም። ታዲያ ምን አለበት? አንተ ሳትመጣ በፊት ታች ፎቅ በነበረው በሌላው ስደተኛ ስም ነበር የሚጠሩኝ። እሱ ሥራ ከለቀቀ በኋላም ትንሽ ቀጥለውበት ነበር። በፍቅር ነው።

ፈዜ፦ ጋሼ... ትናንት ጠርተው ነገሩኝ። የተሾምኩት እኔ ነኝ። አሁን ልነግርህ ስመጣ ፈገግታ ማስተማር ጀመርክ።

ሊቁ፦ ታዲያ ሊፍት ውስጥ የጨበጠችኝ...

ፈዜ፦ መልእክቷ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ።

[ማሽኑ ያጉረመርማል።]

ሊቁ፦ አንተ? ስብሰባ ላይ ትንፍሽ የማትለው?

ፈዜ፦ ሳቂታው ተነስቶ «ቡድኑን መምራት ያለበት ወረፋውን በእጁ የሠራው ሰው ነው» ብሎ ስሜን ጠራ አሉ። ሁሉም አጨበጨበ።

ሊቁ፦ ሳቂታው? ይህን የመሰለ ሐሳብ ከየት አመጣው?

ፈዜ፦ ሻይ ስንቀዳ።

[የሊቁ ስልክ ኪሱ ውስጥ ይንጫረራል። አውጥቶ ያያል፤ ባለቤቱ ናት። መልሶ ይከተዋል።]

ሊቁ፦ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኮ መስታወት ፊት ቆሜ ነው እንደነሱ መናገር የተለማመድኩት። ልጆቼ በር ከፍተው እያዩ ይስቁብኝ ነበር።

ፈዜ፦ አውቃለሁ፣ ጋሼ። ያንተንም ነገር ለሳቂታው ላነሳለት ነበር፤ አሁን ግን እዚህ አይመጣም። «ሰው የማወቅ ተሰጥኦ አለው» ተብሎ የሁላችንም የበላይ ሆኗል። ሻይ የሚወሰድለት ቢሮው ድረስ ነው።

[ሊቁ ያስባል። ከዚያ ክራቫቱን ያቃናና ንጹሕ ብርጭቆ መርጦ ማሽኑ ሥር ያስቀምጣል።]

ሊቁ፦ ስኳር ስንት ነው የሚያደርገው?