ሊቀ ጥቅል እና ያለቀው ላይብረሪዬ

የሰው ልጅ መሥሪያ ቤት መክፈት ከጀመረበት ቀን አንስቶ ያለቀ ሥራ እንደገና የሚያስጀምር ሰው ያጣ ቢሮ የለም። አንዱ ጡረታ ሲወጣ ሌላው ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ በቅሎ ይገኛል። የእኛን «ሊቀ ጥቅል» እንላቸዋለን። ሹመቱንም አንቱታውንም የሰጠናቸው እኛው ነን፤ ዕድሜያቸው ግን ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል።

ሊኑክስ የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት «ስርጭት» በሚባሉ ልዩ ልዩ ጥንቅሮች ተሰናድቶ ለሕዝብ ይቀርባል። አንድ ፕሮግራም ከስርጭቶቹ በአንዱ እንዲገባ ከተፈለገ ኮዱን የሚመረምር፣ የሚፈልገውን ሁሉ የሚዘረዝር፣ ጠቅልሎም ፓኬጅ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። በእኛ ቢሮ ያ ሰው እሳቸው ናቸው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ማንም ሊያወርዳቸውም አልቻለም።

እኔ ደግሞ ላይብረሪ ጻፍኩ፤ ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚገለገሉበት የኮድ ስብስብ ማለቴ ነው። የእኔው ለጆሮ መመርመሪያ ድምፅ ያወጣል፣ ከሹክሹክታ እስከ ጩኸት፣ በልክ በልኩ። እህቴ የጆሮ ነርስ ናት። ክሊኒኳ ውስጥ መዳፍ የሚያክሉ አሥራ አንድ መመርመሪያዎች ይህን ላይብረሪ አጥተው መደርደሪያ ላይ ተኝተዋል፤ አርባ ሰባት ሰው ተራ ይጠብቃል። መሣሪያዎቹ ፓኬጆቹ ከሚቀመጡበት ከስርጭቱ ማከማቻ ካልመጣ በቀር ምንም አይቀበሉም። ማከማቻው ደግሞ በተቆረጠ ዓርብ፣ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በሩ የሚከፈተው ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።

ዓርቡ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቀርቤ አልቋል፣ ግሩም አድርጎም ይሠራል አልኳቸው። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በቀን ሦስቴ የሚሏትን አሉ፦

«መሥራቱን አልጠየቅኩህም።»

የጠየቁት ከአርባ ፋይሎች መካከል የአንዷን ባለቤት ነበር። ሠላሳ መስመር ናት፤ ከኢንተርኔት ያነሳኋት። የፋይሏ ጸሐፊ ተፈልጎ ተፈልጎ ጡረታ ወጥቶ ንብ የሚያረባ ሰው ሆኖ ተገኘ። ፈቃድ እንዲሰጥ ደብዳቤ ተጻፈለት። በስድስተኛው ቀን ፈቃዱን ላከ፣ ስለ ቀፎዎቹ ከተጻፈ ሦስት ገጽ ጋር። ሊቀ ጥቅል ሦስቱንም ገጽ አንብበው፣ የንግሥቲቱን ንብ ጤና ጠይቀው መለሱ። እኔ አጠገባቸው ፀጉሬን እነጫለሁ።

ቀጥሎ የፓኬጁ መግለጫ መጣ። «በዓይነቱ የመጀመሪያ፣ እጅግ ፈጣን፣ ለሰፊው ሕዝብ የቆመ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። እሳቸው ሰርዘው ሰርዘው «የጆሮ መመርመሪያ ድምፆችን የሚያወጣ ላይብረሪ» የምትል አስቀሩ። አብዮት በአንድ እስክሪብቶ እንደሚቀለበስ ያን ቀን በዓይኔ አየሁ።

ባለቤታቸው እንደነገረችኝ ቤት ሲቀይሩም እንዲሁ ናቸው። በየካርቶኑ ላይ ከእሱ በፊት የትኛው መከፈት እንዳለበት ይጽፋሉ። የሳህኑ ካርቶን ጠረጴዛው ሳይገጠም እንዳይከፈት ታዘዘ። ጠረጴዛው የሚገጠመው በብሎን መፍቻ ነው። መፍቻው የነበረው ከሳህኖቹ ሥር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ቤተሰቡ ቆሞ ከድስት በላ፤ ካርቶኑ ግን ያለ ደንብ አልተከፈተም።

ወደ ጉዳያችን። ላይብረሪው የሚዘጋጀው በቢሮው ትልቅ ኮምፒውተር፣ የሚሠራው ግን በእህቴ ትንሽ መሣሪያ ላይ ነው፤ የሁለቱ አንጎል ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ሌላ ከተማ ላለ ደንበኛ ሱሪ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ በሉት። በትልቁ ኮምፒውተር ላይ ሃምሳ ሁለት ፈተና ሰጥተነው ሃምሳ ሁለቱንም አለፈ። እኔ መጨፈር ስጀምር እሳቸው ትንሿን መሣሪያ ራሷን ካላየሁ አሉ። የቢሮክራትነትን ታሪክ ከሥር መሠረቱ እየረገምኩ እህቴ ዘንድ ሄጄ አንዷን አመጣሁ።

ዓርብ፣ አራት ሰዓት። ሊቀ ጥቅል ለጠቅላዮች ብቻ በተፈቀደው የሙከራ መንገድ ላይብረሪውን መሣሪያዋ ላይ ጭነው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አጠለቁ። የመጀመሪያውን ቁልፍ፣ ማለትም የሹክሹክታውን፣ በገዛ ጣቴ ተጫንኩ። ሊቀ ጥቅል ከነወንበራቸው ተነሡ። ሹክሹክታ ተብሎ የተላከው የእሳት አደጋ መኪና ሆኖ ነው የደረሰው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ላይብረሪውን የሚያሰናዳው የትእዛዝ ፋይሌ አንድ ቁጥር የሚይዘውን ቦታ ስፋት የሚለካው በሚዘጋጅበት ኮምፒውተር ላይ ነው፤ በትንሿ መሣሪያ ግን ስፋቱ የዚያ ግማሽ ነው። ልብስ ሰፊው የራሱን ወገብ ለክቶ የደንበኛውን ሱሪ ሰፍቷል። የድምፅ መጠኖቹ ሰንጠረዥ ተዛንፎ ይነበብና ዝቅተኛው ከፍተኛ ሆኖ ይወጣል። እህቴ ጋ የመጀመሪያውን ተራ የያዙት የሰማንያ ዓመት ሴት ናቸው።

ሊቀ ጥቅል አልተቆጡም። ብቻ ጆሯቸው ስለደነዘዘ ቀስ ብለው የተናገሩ እየመሰላቸው ሕንፃውን ያናውጡታል። ስፋቱ ከመሣሪያዋ እንዲጠየቅ አድርገህ ጻፍ ብለው ሲጮኹ ከላይ ፎቅ ያለው ጠበቃ ማን እንደሞተ ሊጠይቅ ወረደ። እሳቸው ይጮኻሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ጠበቃው ውኃ ያቀብላል። ስድስት ሰዓት ሊሞላ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀር ማዳመጫውን አውልቀው ሰጡኝ።

«አንተ ስማው። የእኔ ጆሮ ለዛሬ ምስክር አይሆንም።»

ሰማሁት። ሹክሹክታ ነበር። አራት ደቂቃ ሲቀር ፓኬጁ ገባ፤ ሦስታችንም ተቃቅፈን ዘለልን፣ ጠበቃው ምን እንደገባ ሳያውቅ።

ሰኞ እህቴ ደወለች። አሥራ አንዱም መሣሪያ ይሠራል። ሴትየዋ ሹክሹክታውን ሰምተው፣ ለካ ምራቴ የምትለውን ሁሉ መስማት እችላለሁ ብለው እየተፍለቀለቁ ወጡ አለችኝ።

እኔም ስሜን ላደንቅ የፓኬጁን ገጽ ከፈትኩ። እያንዳንዱ ፓኬጅ ለሚመጣው አቤቱታ ሁሉ ለዓመታት መልስ የሚሰጥ ኃላፊ ይመዘገብለታል። ጸሐፊ በሚለው ላይ እኔ አለሁ። ኃላፊ በሚለው ላይ ሊቀ ጥቅል። ደሜ ፈላ፤ ይህ የሥልጣን ነጠቃ ነው ብዬ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄድኩ። ግራ ጆሯቸው ውስጥ አሁንም ጥጥ ነበር።

«መሣሪያው እምቢ ያለው ሰው ይጽፍልሃል፣ አንተ ትሰድበዋለህ፤» አሉኝ። «ሰውየው ምን አጠፋ?»

ስድብ ሞልቶኝ ነበር። ስድቡን እንደያዝኩ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

ትናንት ሁለተኛ ላይብረሪ ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ፣ ሳያልቅ እንዲያዩልኝ፣ ወንበሬን እየጎተትኩ ወደ እሳቸው ሄድኩ። እሳቸውም የወረቀት ክምራቸውን ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።